«የእረኛ ምግብ»፦ የቀጋ፣ የአጋምና የእንጆሪ ታሪክ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡና አፍልታችሁ፣ ተረጋግታችሁ አንብቡት። የምጽፈው ስለ ቁጥቋጦ ፍሬ ነው። «የታሪክ አስተማሪን ከቀጋና ከአጋም ምን አገናኘው?» የምትሉ አትጠፉም። ትንሽ ታገሡኝና ታሪክ መሆን አለመሆኑን ራሳችሁ ፍረዱ።

ስለ ጥንት ሰው አኗኗር ሳስተምር፣ ፍሬ እየለቀመና እያደነ ይኖር ነበር የሚለው ላይ ስንደርስ፣ «እናንተስ ከዱር ለቅማችሁ የምትበሉት ፍሬ የለም?» ብዬ ተማሪዎቼን የመጠየቅ ልማድ አለኝ። መጀመሪያ ዝም ይላሉ። ቀጥሎ የከተማዎቹ ልጆች «እንጆሪ!» ይላሉ፤ የሚያውቁት ግን በእርጎና በጁስ ዕቃ ላይ የተሳለውን ነው። ከገጠር የመጡት አንገታቸውን ደፍተው ይስቃሉ። ገፋ አድርጌ ስጠይቃቸው ቀጋ፣ አጋም፣ ኮሽም እያሉ በሹክሹክታ ይዘረዝራሉ። ለምን በሹክሹክታ? «ቲቸር፣ ያ እኮ የእረኛ ምግብ ነው!»

የዛሬው ጉዳዬ ይቺው «የእረኛ ምግብ» የምትለዋ አነጋገር ናት። ከየት መጣች? ምንስ አሳጣችን? ልጆቻችን በጣም የሚያስፈልጋቸውን ነገር አጠገባቸው ካለው ቁጥቋጦ አፍረው እንዳይለቅሙ ያደረገች አነጋገር ስለሆነች፣ ታሪኳን ማወቅ ይጠቅማል ባይ ነኝ።

1. ከደብረ ብርሃን ቁልቁል እስከ ዐልዩ አምባ

ከደብረ ብርሃን እንነሣ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ውርጯን የቀመሰ ያውቃታል። ሙዝና ማንጎ እዚህ አይበቅልም፤ ገበያ ላይ የምናየው ሁሉ ከሩቅ በመኪና የመጣ ነው። ገብሱ፣ ስንዴው፣ ባቄላው፣ ምስሩ የእኛ ነው። ፍራፍሬ ሲባል ግን «ደጋ ምን ፍሬ አለው?» እንላለን።

እስኪ ከከተማው ወጣ በሉና የገደሉን አፋፍ፣ የወንዙን ዳር፣ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ዙሪያ ተመልከቱ። ቀጋ አለ። እሾሃም ቁጥቋጦ ነው፤ አበባው ነጭ፣ ፍሬው ሲበስል ብርቱካንማ ቀይ። ቀጋ ማለት ጽጌረዳ ነው። ቀልዴን አይደለም፤ ለሠርግና ለምርቃት የምንገዛት ጽጌረዳ የቅርብ ዘመዱ ናት። በሞቃታማው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅል አገር በቀል የጽጌረዳ ዝርያ ይኸው ቀጋ ብቻ ነው።

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ አንኮበር ስትደርሱ ደጋው በድንገት ያልቅና መሬቱ ወደ አፋር ሜዳ ቁልቁል ይወርዳል። የወፍ ዋሻ ደን የተንጠለጠለው በዚህ ገደል ላይ ነው። በደኑ ዳርና በጅረቱ አካባቢ የዱር እንጆሪ አለ፤ ሐረግ መሳይ፣ እሾሃም፣ ፍሬው ትንንሽ እንክብሎች ተጣብቀው የሠሩት። ኮሽምም አለ፤ ጥርስ የሚያጠርስ ቢጫ ፍሬ። አጋምማ የትም አለ። ሲበስል ጥቁር ይሆናል፣ ይጣፍጣል፤ ሳይበስል ከቀጠፋችሁት ነጭ ወተት ያንጠባጥባል።

ከዚያ ቁልቁል ወደ ዐልዩ አምባ ስትወርዱ ቆላው ይቀበላችኋል። ዐልዩ አምባ ድሮ ከሐረር በኩል የሚመጣው የሲራራ ነጋዴ የሚያርፍበት ትልቅ ገበያ ነበር። በቆላው ደግሞ ቁርቁራና እንኮይ ናቸው ባለተራዎቹ። እንግዲህ በአንድ ቀን የእግር መንገድ ውስጥ ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ እያለፍን፣ የፍሬው ዓይነትም አብሮ ይለዋወጣል። እረኛ ይህን ካርታ በቃሉ ያውቀዋል፤ የትኛው ፍሬ በየትኛው ገደል፣ በየትኛው ወር እንደሚደርስ ጠይቁትና ይነግራችኋል።

ተረታችን ግን አጋምን የሚያስታውሰው በክፉ ነው። «ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» እንላለን። እሾሁ ቁልቋሉን እየወጋ ወተቱን ስለሚያፈስሰው ነው። እውነት ነው፣ ይወጋል። ግን እሾሁን ተረት አድርገን ስናወርስ ፍሬውን ዝም አልነው።

2. ፈረንጆቹ ሲመዘግቡ

አሁን ወደ ታሪኩ። አንኮበር የሸዋ መናገሻ በነበረችበት ዘመን፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጊዜ፣ የእንግሊዝ መልእክተኞች መጡ። መሪያቸው ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ነበር። በ1834 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኅዳር 1841) ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። ይህን ከእኔ ክፍል ያለፋችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ ፈተና ላይም አውጥቼዋለሁ። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን አብሮት ከመጡት ሰዎች አንዱ ሮት የሚባል ጀርመናዊ የተፈጥሮ አጥኚ መሆኑ ነው። ሌሎቹ ስለ ውሉና ስለ ገጸ በረከቱ ሲነጋገሩ፣ የዚህ ሰውዬ ሥራ ዕፀዋቱንና እንስሳቱን እያዩ መሰብሰብ ነበር።

እሱ ብቻም አይደለም። በ1869 ዓ.ም. ገደማ ማርኬዝ ኦራትዮ አንቲኖሪ የሚባል ጣሊያናዊ በጂኦግራፊ ማኅበራቸው ተልኮ ሸዋ ደረሰ። ምኒልክ፣ ያኔ የሸዋ ንጉሥ፣ ከአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ የሚባለውን ቦታ ሰጡት። እዚያ የምርምር ጣቢያ ከፈተ፤ አእዋፉን፣ ነፍሳቱን፣ ዕፀዋቱን እያስለቀመ ወደ አገሩ ሙዚየሞች ላከ። በ1874 ዓ.ም. እዚያው ልጥ ማረፊያ ሞተ።

ቀጋም ራሱ የሳይንስ ስሙን ያገኘው በዚህ ዓይነት መንገድ ነው። ሄንሪ ሳልት የሚባለው እንግሊዛዊ በ1800ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በሰሜኑ በኩል ሁለት ጊዜ ወደ አገራችን መጥቶ ነበር፤ ከጉዞው የተሰበሰበ ዕፅ ለንደን ገባ። በ1820 (እ.ኤ.አ.) ጆን ሊንድሊ የሚባለው የዕፅዋት ሊቅ ስለ ጽጌረዳዎች በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ «ሮዛ አቢሲኒካ» ተብሎ ወጣ። «የሐበሻ ጽጌረዳ» ማለት ነው። እስኪ አስቡት፤ ለእኛ የእረኛ መጫወቻ የነበረ ቁጥቋጦ፣ ለንደን ላይ የአገራችንን ስም ይዞ በመጽሐፍ ታተመ።

በእኛ በኩልስ? የዜና መዋዕል ጸሐፊ የሚጽፈው የንጉሡን ዘመቻ፣ ሹመትና ግብር ነው። የአንድ እረኛ ልጅ ምሳ ምን እንደነበረ ማን ይጽፍለታል? ስለዚህ የፍሬው ዕውቀት ከአፍ ወደ አፍ፣ ከትልቁ እረኛ ወደ ትንሹ እረኛ ብቻ ሲተላለፍ ኖረ። ያልተጻፈ ዕውቀት ደግሞ ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ከተበጠሰ፣ በቃ፣ አለቀ።

3. እንግሊዞች ልጆቻቸውን ቀጋ ለቀማ ሲያሰማሩ

ከሣህለ ሥላሴ ውል ልክ መቶ ዓመት እንቁጠር፤ 1941 (እ.ኤ.አ.) ላይ እንደርሳለን። ለእኛ 1933 ዓ.ም. ነው፤ ሚያዝያ 27 ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ የገቡበት፣ ራስ አበበ አረጋይና የሸዋ አርበኞች ከአምስት ዓመት የዱር ኑሮ በኋላ ነጻነት ያዩበት ዓመት።

በዚያው ዓመት እንግሊዝ ራሷ ተጨንቃ ነበር። የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ባሕሩን ስለዘጉባት ብርቱካንና ሎሚ ከውጭ እንደልብ አይገባም። ያለ ብርቱካን ሕፃናቱ ቫይታሚን ሲ ከየት ያገኛሉ? መንግሥቱ ምን አደረገ መሰላችሁ? ተማሪዎችን፣ ስካውቶችን፣ የሴቶች ማኅበራትን በየአጥሩና በየጫካው አሰማራ። የሚለቅሙት የዱር ጽጌረዳ ፍሬ ነበር፤ በእኛ ቋንቋ የፈረንጅ ቀጋ በሉት። ልጆቹ በሚዛን እያስረከቡ ጥቂት ፔኒ ይከፈላቸው ነበር። ፋብሪካው ፍሬውን ወደ ሽሮፕ ቀየረው፤ እናቶች ለሕፃናት በማንኪያ ሰጡት። ያ ዘመቻ ጦርነቱ እስኪያልቅ ዘለቀ።

ተማሪዎቼን አንድ ነገር እንዲያመዛዝኑ እጠይቃቸዋለሁ። የለንደን ልጅ ቀጋ ሲለቅም «አገሩን የሚረዳ ጎበዝ» ተባለ። የአንኮበር ልጅ ቀጋ ሲለቅም «ውረድ ከዚያ፣ አንተ ረሃብተኛ!» ተባለ። ፍሬው የአንድ ቤተሰብ ነው። ልዩነቱ ያለው ትልልቆቹ በሰጡት ስም ላይ ነው።

እንግሊዞቹ ይህን ያደረጉት ባሕላቸው ከእኛ ስለሚሻል አይደለም። ቀድመው በመከራ ተምረውት ስለነበር ነው። ለብዙ ዘመን መርከበኞቻቸው ድድ በሚያደማና ጥርስ በሚያረግፍ በሽታ፣ ስከርቪ በሚባለው፣ ያልቁ ነበር። በ1747 (እ.ኤ.አ.) ጀምስ ሊንድ የሚባል የመርከብ ሐኪም ሕመምተኞቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ የተለያየ ነገር እየሰጠ ሞከረ፤ ብርቱካንና ሎሚ የበሉት ቶሎ ዳኑ። የባሕር ኃይሉ የሎሚ ጭማቂ በሕግ ማደል የጀመረው ግን ከ50 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ንጥረ ነገሩን ለይቶ ያወጣው ሀንጋሪያዊው አልበርት ሰንት ጆርጂ በ1937 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማት አገኘ። ከአራት ዓመት በኋላ ልጆቹ በየአጥሩ ተሰማሩ። ከዕውቀት እስከ ተግባር ስንት ዘመን እንደሚፈጅ ልብ በሉ።

4. እኛስ ለምን ናቅነው?

እንደ እኔ አስተያየት ሁለት ነገር ነው።

አንደኛው የማዕዱ ደረጃ ነው። የክብር ምግብ የሚባለው ግብር ላይ የሚቀርበው ነው፤ ሥጋው፣ እንጀራው፣ ጠጁ። ለእንግዳ የማይቀርብ፣ በሰፌድ የማይመጣ፣ ቆመው ከእሾህ ላይ ቀጥፈው የሚበሉት ነገር ምግብ ተብሎ አይቆጠርም። የሚበሉት እነማን ናቸው? ሕፃናትና እረኞች፣ ቀን ሙሉ ሜዳ የሚውሉ። በማዕዱ ላይ ድምፅ የሌላቸው ሰዎች የሚበሉት ምግብም ክብር አያገኝም።

ሁለተኛው ረሃብ ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረውን ክፉ ቀን አስታውሱ። በምጽዋ በኩል ከገባ ከብት ጋር የመጣው የከብት በሽታ በሬውን ፈጀው፤ በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ድርቁና አንበጣው ተጨመረበት። ሰው ሥር እየቆፈረ፣ ቅጠል እየቀነጠሰ ሊተርፍ ሞከረ። ከዚያ ዓይነት ዘመን የተረፈ ሰው ከዱር መብላትን ከጠኔ ጋር አያይዞ ቢያየው አይፈረድበትም። ልጁ ጎተራው ሙሉ ሆኖ ሳለ ከቁጥቋጦ ሲለቅም ሲያየው፣ ጎረቤት «እነ እገሌ ቤት ጠፍቷል» እንዳይል ይሳቀቃል። ስለዚህ አያቶቻችን ልጆቻቸውን የገሠጹት በክፋት አይመስለኝም፤ ክብራቸውን መጠበቃቸው ነበር። ምክንያቱ አለፈ፣ ግሣጼው ግን ቀረ።

በዚህ መሐል ስሙም ተወሰደብን። ዛሬ እንጆሪ ሲባል ሁላችንም የምናስበው ትልቁን፣ ቀዩን፣ ኬክ ላይ የሚቀመጠውን ነው። እሱ የፈረንጅ ፍሬ ነው። በ1714 (እ.ኤ.አ.) ፍሬዚዬ የሚባል ፈረንሳዊ ከቺሊ ያመጣው ተክል ከሰሜን አሜሪካ ከመጣው ዘመዱ ጋር አውሮፓ ውስጥ ተዳቅሎ የተገኘ ነው፤ ዕድሜው ሦስት መቶ ዓመት አይሞላም። አገራችን ሲገባ ስም አጣንለትና የጫካውን ፍሬ ስም ሰጠነው። ዋናው ባለ ስም፣ የወፍ ዋሻው እንጆሪ፣ «የዱር እንጆሪ» ተብሎ ቅጽል ተጨመረበት። ውጭ አገር ያላችሁ ወዳጆቼ፣ በትንሽ ዕቃ በውድ የምትገዟቸው ብላክቤሪና ራስፕቤሪ ከዚህ ከዱር እንጆሪያችን ጋር አንድ ወገን ናቸው። እዚህ በነጻ ትታችሁት የሄዳችሁትን እዚያ በዶላር እየገዛችሁ ነው ማለት ነው!

5. ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው?

እዚህ ላይ በጥንቃቄ እንሂድ። ፌስቡክ ላይ «ይህን ፍሬ ብሉ ካንሰር ይጠፋል፣ ስኳር ይድናል» የሚሉ ጽሑፎች ሞልተዋል። እኔ ያንን አልጽፍም። ፍሬ መድኃኒት አይደለም፤ የታመመ ሐኪም ቤት ይሂድ። ፍሬ ምግብ ነው። እንደ ምግብነቱ ግን ቁም ነገር አለው።

ቫይታሚን ሲ፦ የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን 45 ሚሊ ግራም ይመክራሉ። በሥነ ምግብ ሠንጠረዦች ላይ 100 ግራም ብርቱካን 53 ሚሊ ግራም አካባቢ፣ የፈረንጁ እንጆሪ 59 አካባቢ፣ ራስፕቤሪ 26፣ ብላክቤሪ 21 አካባቢ አላቸው። የዱር ጽጌረዳ ፍሬስ? በአሜሪካኖቹ ሠንጠረዥ ከ400 ሚሊ ግራም በላይ! መጠኑ እንደ ዝርያው፣ እንደ ብስለቱና እንደ ቦታው ይለያያል። ያም ሆኖ ጥቂት ፍሬ ብዙ ሥራ እንደሚሠራ ያሳያል።

ቃጫ (ፋይበር)፦ 100 ግራም ብላክቤሪ ወይም ራስፕቤሪ ከ5 እስከ 6 ግራም ተኩል ቃጫ አለው። ለሆድ ድርቀት ይረዳል፤ ስኳሩም ወደ ደም ቀስ ብሎ እንዲገባ ያደርጋል። ፍሬውን መብላትና ጁሱን መጠጣት አንድ አይደሉም የሚባለው ለዚህ ነው፤ ሲጨመቅና ሲጠለል ቃጫው ይቀራል፣ ስኳሩ ብቻ ይመጣል።

ቀለሙ፦ የበሰለ አጋምና የጥቁር እንጆሪ ቀለም የሚመጣው አንቶሳያኒን ከሚባሉ ንጥረ ነገሮች ነው። ምላሳችሁን ወይን ጠጅ የሚያስመስለው እሱ ነው።

ለእኛ አካባቢ ግን ትልቁ ነገር ብረት ይመስለኛል። እኛ ብረት የምናገኘው በአብዛኛው ከእህል ነው፤ ከጤፍ፣ ከምስር፣ ከባቄላ፣ ከሽሮ። በጾም ወራት ደግሞ ሥጋው ጭራሽ የለም። በእህል ውስጥ ያለው ብረት ደግሞ አስቸጋሪ ነው፤ ሰውነት በቀላሉ አይቀበለውም። ቫይታሚን ሲ ያለው ነገር አብሮ ሲበላ ግን መቀበሉ ይጨምራል። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ሲጠጡ ደግሞ ይቀንሰዋል። ስለዚህ አንድ ልጅ ሽሮ በልቶ እፍኝ ፍሬ ቢቀምስ፣ ያ ፍሬ የሚሠራው ሽሮው ላይ ጭምር ነው። ፍሬው የጾም ምግብ መሆኑም ሌላ በረከት ነው።

ይህ የቅንጦት ወሬ እንዳይመስላችሁ። በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2016) በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገራችን ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ካሉት ሕፃናት 57 በመቶ ያህሉ የደም ማነስ ነበረባቸው። በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉት 46 በመቶው ቀንጭረዋል፤ በዚያ ጥናት ከክልሎቹ ሁሉ ከፍተኛው እሱ ነበር። ከጥናቱ በፊት በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር አጠፋለሁ ብሎ ቃል የገባበት ሰነድ በክልላችን ከተማ ስም የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሏል። እህል በሚመረትበት አገር ልጅ ይቀነጭራል ወይ? አዎ፤ ሆድ መሙላትና ሰውነት ማግኘት የተለያዩ ናቸው። ደግሞ ልንገራችሁ፣ ፍሬ ብቻውን ይህን አይፈታም። ልጅ እንቁላሉን፣ ወተቱን፣ ጥራጥሬውን ይፈልጋል፤ እፍኝ ቤሪ ጉልበት ሰጪ ምግብ አይደለም፣ 100 ግራሙ ከ60 ካሎሪ አይበልጥም። ግን ከጎደለው አንዱን ይሞላል፤ ያውም ያለ ገንዘብ።

«ትኩሱን» የምለውም በምክንያት ነው። ቫይታሚን ሲ ሙቀት ይፈራል። ሲቀቀል፣ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ፣ ብዙ ሲቀመጥ ይቀንሳል። እረኛው ከቁጥቋጦው ቀጥፎ አፉ ውስጥ ሲጨምር፣ ሳያውቀው በጣም ጥሩውን መንገድ እየተከተለ ነበር። እኛ ደግሞ ለልጆቻችን የትምህርት ቤት ቦርሳ ውስጥ የምንጨምርላቸው በቀለም፣ በስኳርና በእንጆሪ ሽታ የተሠራውን ጠርሙስ ነው። እንጆሪ አላየውም እኮ!

6. ጥንቃቄውም ዕውቀት ነው

ይህን አንብባችሁ ነገ ልጆቻችሁን ጫካ እንዳትለቁብኝ። ያገኙትን ቀይ ፍሬ ሁሉ መብላት አደገኛ ነው። እምቧይን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ቢጫ ሆኖ ሲያምር ያታልላል፣ ግን መርዛም ነው። ቀጋም ቢሆን ውስጡ ፍሬ አጠገብ ያሉት ጥቃቅን ፀጉሮች ጉሮሮ ይበላሉ፤ ልጆች ከፍለው፣ ፍሬውንና ፀጉሩን ጠርገው አውጥተው ሥጋውን ብቻ ነው የሚበሉት። አጋም ካልበሰለ አይነካም። መንገድ ዳርና መድኃኒት የተረጨበት ማሳ አጠገብ ያለውን መተው፣ የተለቀመውን ማጠብ ይገባል። የማታውቁትን ደግሞ የሚያውቅ ሰው ሳይነግራችሁ አትቅመሱ። እንግዲህ እዩ፤ «የእረኛ ምግብ» ያልነው የቱ እንደሚበላ፣ መቼ እንደሚበላ፣ እንዴት እንደሚበላ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። አስተማሪዎቹ ደመወዝ ስላልተከፈላቸው ትምህርት አይደለም አንልም።

ቁጥቋጦን በክብር ማየት ምን እንደሚያመጣ የራሳችን ሰው አሳይቶናል። በ1964 (እ.ኤ.አ.) ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠና፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አየ። በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸው። እናቶቻችን ለዘመናት ልብስ ያጠቡበት የእንዶድ ፍሬ የዓለም ሳይንስ ርዕስ ሆነ፤ በ1989 (እ.ኤ.አ.) እሱና ባልደረባው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እንዶድ አይበላም፣ ለልብስ ነው። ትምህርቱ ግን አንድ ነው፤ ሰውዬው ያየው ሁሉም ሰው ሲያየው የኖረውን ነገር ነበር።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2011 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ዳሰሳ በኢትዮጵያ ውስጥ የሚበሉ የዱር ዕፀዋት 413 ዝርያ መሆናቸውን ቆጥረዋል። 413! እኔና እናንተ ስንቱን እንጠራለን? አሥር? አሥራ አምስት?

7. ምን እናድርግ?

ዙሪያችንን ስታዩ ኮረብታው ባሕር ዛፍ ለብሷል። አልወቅሰውም፤ ቤት የሠራነው፣ ልጅ ያስተማርነው በእሱ ነው። ነገር ግን ባሕር ዛፉ ሲሰፋ፣ ማሳው እስከ ገደሉ አፋፍ ሲታረስ፣ የአጋምና የቀጋ አጥር በቆርቆሮና በሽቦ ሲተካ፣ ቁጥቋጦው የሚቀርለት ቦታ የቤተ ክርስቲያን ቅጥርና እንደ ወፍ ዋሻ ያለ ገደል ብቻ ይሆናል። እረኛውም ትምህርት ቤት ገብቷል፤ እሰየው፣ መግባትም አለበት። እኛ አስተማሪዎቹ ግን ይዞት የመጣውን ዕውቀት በር ላይ አስጥለን ካስገባነው፣ በአንድ እጅ ሰጥተን በሌላው ነጠቅነው ማለት ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። አጥር የምታጥሩ ሰዎች፣ በተለይ በትምህርት ቤትና በገበሬ ማኅበር ያላችሁ፣ ጥቂት የአጋምና የቀጋ ግንድ ተዉ፤ ከብት ይመልሳል፣ ፍሬም ይሰጣል። መምህራን ባልደረቦቼ፣ ባዮሎጂ ስታስተምሩ ከመጽሐፉ ምሳሌ ጎን ኮሽምንና እንጆሪን ጥሩ። ወላጆች ደግሞ ልጃችሁ የሚያውቀውን የበሰለ ፍሬ ቀጥፎ ሲበላ ብታዩት አታሳፍሩት፤ «ለእኔም አምጣልኝ» በሉት።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ ለእናንተ የቤት ሥራ አለኝ። ከመንዝም ሁኑ ከተጉለት፣ ከቡልጋም ሁኑ ከይፋት፣ አዲስ አበባም ሁኑ ዲሲ፣ አያት ወይም አጎት ካላችሁ ደውሉና ጠይቁ፦ በልጅነታችሁ ከዱር ምን ትበሉ ነበር? ስሙ ማን ይባላል? በየትኛው ወር ይደርሳል? እንዴት ይበላል? መልሱን ከታች ከወረዳው ስም ጋር ጻፉልኝ። እየሰበሰብኩ በደብተር እመዘግበዋለሁ፤ ለሚቀጥለው ዓመት ክፍሌም አነብላቸዋለሁ። ነውር የለውም፣ ማንም በሹክሹክታ እንዳይጽፍ!

መልካም ሰንበት ይሁንላችሁ።